ከመፈረም ማንበብ ይቅደም

የወጣቶች ዓምድ



በማታው ክፍል ከኋላ የሚቀመጡ ወጣቶች አንድ ጥያቄ አቅርበውልናል። “ስለ ወባ አነበብን፤ ስለ ንጹሕ ውሃ አነበብን፤ ስለ ማዳበሪያም አነበብን። ታዲያ ስለ ኳስ መቼ ነው የምትጽፉልን?” ይላሉ። ጥያቄያቸው ልክ ነው። ኳስ የሚወድ ሰው ስለ ኳስ ሲያነብ ዓይኑ ቶሎ አይደክምም። ስለዚህ የዛሬው ጽሑፋችን ስለ አንድ ኳስ ተጫዋች ነው።

ጽሑፉ ረዘም ይላል። በአንድ ማታ ካላለቀላችሁ በሁለት ማታ አንብቡት። ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ከበድ የሚሉ ቃላት መጨረሻ ላይ ተፈትተዋል።

ትንሿ ወፍ

ብራዚል በደቡብ አሜሪካ የምትገኝ ሰፊ አገር ናት። እንደ እኛ አገር ቡና ታበቅላለች። ከሪዮ ዴ ጃኔሮ ከተማ ወጣ ብሎ ፓው ግራንዴ የሚባል ትንሽ ቦታ አለ። በዚያ ቦታ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበር። የብዙው ሰው እንጀራ ከዚያ ፋብሪካ ይወጣ ነበር።

በጥቅምት ወር 1933 በዚህ ቦታ አንድ ወንድ ልጅ ተወለደ። ስሙ ማኑኤል ዶስ ሳንቶስ ነው። ቤተ ሰቡ ድኻ ነበር። ልጁ ከእኩዮቹ ይልቅ ትንሽ ስለ ነበረ እህቱ በአንዲት ትንሽ ወፍ ስም ጠራችው። ወፏ “ጋሪንሻ” ትባላለች። ስሙ በዚያው ጸና። ዓለም በሙሉ የሚያውቀው በዚህ የወፍ ስም ነው።

ጋሪንሻ ሲወለድ እግሮቹ ጠማማ ነበሩ። ቀኝ እግሩ ወደ ውስጥ፣ ግራ እግሩ ወደ ውጭ ታጥፏል። ሁለቱም ወደ አንድ ጎን ያዘነበሉ ይመስላሉ። አንደኛው እግሩም ከሌላው ያጥር ነበር። እንዲህ ያለ ልጅ ቀጥ ብሎ ይሄድ ይሆን ብሎ የሚጨነቅ እንጂ ኳስ ይጫወታል ብሎ የሚያስብ ማን ነው?

ልጁ ግን ከሜዳ አይጠፋም ነበር። ትምህርት ቤት ገብቶ ብዙም ሳይገፋ ተወው። በ14 ዓመቱ እዚያው ፋብሪካ ገብቶ ሠራተኛ ሆነ። በሥራው ጎበዝ አልነበረም ይባላል። ሆኖም የፋብሪካው የኳስ ቡድን ያለ እሱ አያሸንፍም። እንግዲህ ወዛደሩ ጋሪንሻ ሥራው ላይ የቆየው በእጁ ሳይሆን በእግሩ ነበር ማለት ነው።

የክንፍ ተጫዋች ሥራው ምንድን ነው?

ኳስ የማታዘወትሩ አንባቢዎች ግራ እንዳይገባችሁ ይህን እናስረዳ። በአንድ ቡድን ውስጥ 11 ሰው አለ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በሜዳው ጠርዝ፣ በመስመሩ በኩል ይጫወታሉ። እንደ ወፍ ክንፍ ግራና ቀኝ ስለሚቆሙ የክንፍ ተጫዋቾች ይባላሉ። የክንፍ ተጫዋች ተከላካዩን ያልፍና እስከ ጥጉ ድረስ ይሮጣል። ከዚያ ኳሷን ወደ ግቡ አፍ ያሻማል። ጓደኞቹ በጭንቅላት ወይም በእግር መትተው ያገባሉ።

ጋሪንሻ የቀኝ ክንፍ ነበር። የሚሠራው አብዶ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። በኳሷ ፊት ይቆማል። ሰውነቱን ወደ ግራ ዘንበል ያደርጋል። ተከላካዩም ወደዚያው ያዘነብላል። በዚህ ጊዜ ጋሪንሻ በቀኝ በኩል እንደ ቀስት ይወረወራል። ተከላካዩ ክብደቱን በአንድ እግሩ ላይ ስለ ጣለ ቶሎ መዞር አይችልም። በቃ፣ አመለጠው!

የሚያስገርመው ይህን ተንኮል ሁሉም ማወቁ ነው። ተከላካዩ ያውቃል፤ አሠልጣኙ ያውቃል፤ ተመልካቹም ያውቃል። ወደ ቀኝ እንደሚሄድ እያወቁ አልቻሉትም። መቼ እንደሚሄድ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበርና። ጠማማ እግሮቹም ተከላካዩን ያሳስቱት ነበር ይባላል። ሰው ጉድለት ያለው ነገር በሜዳ ላይ ሀብት ሆነለት።

በቦታፎጎ ክለብ በር

ጋሪንሻ ወደ ትልቅ ክለብ የገባው ዘግይቶ ነው። ከዚያ በፊት ወደ ሌሎች የሪዮ ክለቦች ለፈተና ሄዶ ነበር። በአንደኛው የኳስ ጫማ ሳይዝ ስለ ሄደ ሳይፈተን ተመለሰ ብለው ያወራሉ።

በ1953 ቦታፎጎ ወደሚባለው ክለብ ተወሰደ። ዕድሜው 19 ነበር። በዚያ ዕድሜው ባለትዳርና የልጅ አባት ነበር። ክለቡ ሊፈትነው ፈለገና ከኒልተን ሳንቶስ ጋር አጋጠመው። ኒልተን ሳንቶስ የብራዚል ብሔራዊ ቡድን ተከላካይ ነው። በዚያ አገር ስሙን የማያውቅ የኳስ ሰው አልነበረም።

የገጠሩ ልጅ ግን አልፈራም። ኳሷን በኒልተን ሳንቶስ እግሮች መካከል አሳለፈና ዞሮ ያዛት። የሰፈር ልጆች “ሎጬ” የሚሉት ማለት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጣ ነበር። ኒልተን ሳንቶስ ግን ልጁ በቶሎ ይፈረም አለ። ሌላ ቡድን ገብቶ በየሳምንቱ ከሚያስቸግረኝ ከእኔ ጋር ቢሆን ይሻላል በማለት መከረ። የእውነተኛ ባለሙያ ጠባይ ይህ ነው። የሚበልጠውን ሲያይ ያስጠጋዋል እንጂ አያባርረውም።

በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ጋሪንሻ ለዋናው ቡድን የመጀመሪያ ጨዋታውን አደረገ። ተጋጣሚው ቦንሱሴሶ የሚባል ቡድን ነበር። አዲሱ ልጅ በመጀመሪያው ቀን 3 ግብ አገባ። በ1955 ለአገሩ ብሔራዊ ቡድን ተሰለፈ። በ1957 ቦታፎጎ የሪዮ ሻምፒዮና ሆነ። በአራት ዓመት ውስጥ የፋብሪካው ወዛደር የአገር ሰው ሆነ ማለት ነው።

ፈተናው የሳተው ሰው

በ1958 የዓለም ዋንጫ በስዊድን ተደረገ። የብራዚል ቡድን የሥነ ልቦና ባለሙያ ይዞ ነበር። ባለሙያው ተጫዋቾቹን በወረቀት ፈተና ፈተናቸው። ጋሪንሻ በጣም ዝቅተኛ ነጥብ አገኘ። ባለሙያው እሱ ለትልቅ ጨዋታ አይበቃም አለ። ገና 17 ዓመት የሆነውን ፔሌንም ልጅ ነው፤ አይሰለፍ አለ።

ጋሪንሻ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጨዋታዎች አልተሰለፈም። ብራዚል ኦስትሪያን 3 ለ 0 አሸነፈች። ከእንግሊዝ ጋር ግን ያለ ግብ ተለያየች። ሦስተኛው ጨዋታ ከሶቪዬት ኅብረት ጋር ነው። የሶቪዬት በረኛ ሌቭ ያሺን በዘመኑ ከነበሩት በረኞች እጅግ የታወቀ ነበር። አሠልጣኙ ቪሴንቴ ፌኦላ በዚህ ቀን ጋሪንሻንና ፔሌን አሰለፋቸው።

ጨዋታው እንደ ተጀመረ ኳሷ ወደ ቀኝ ክንፍ ሄደች። ጋሪንሻ ተከላካዩን አለፈውና መታት። የግቡን ቋሚ መታችና ተመለሰች። ወዲያው ፔሌ ደግሞ አግዳሚውን መታ። በሦስተኛው ደቂቃ ቫቫ የሚባለው አጥቂ አገባ። ብራዚል 2 ለ 0 አሸነፈች።

በፍጻሜው ቀን ስዊድን ቀድማ አገባች። ጋሪንሻ በቀኝ በኩል ተከላካዩን አልፎ አሻማ፤ ቫቫ አገባ። ጋሪንሻ እንደገና በዚያው መንገድ ሄዶ አሻማ፤ ቫቫ እንደገና አገባ። ጨዋታው 5 ለ 2 አለቀ። ብራዚል ለመጀመሪያ ጊዜ የዓለም ዋንጫን ወሰደች። ለፈተና አይበቁም የተባሉት ሁለቱ ናቸው ይህን ያደረጉት።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። በክፍላችን አንዳንድ ሰው “እኔ ያልተማርኩ ነኝ፤ ምን አውቃለሁ?” ሲል እንሰማለን። ይህ አባባል ትክክል አይደለም። ፊደል አለመቁጠርና አለማወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በሬ ጠምዶ የሚያርስ ሰው የማያርስ ምሁር የማያውቀውን ያውቃል። የጋሪንሻ እውቀት በእግሩ ውስጥ ነበር። የወረቀቱ ፈተና ሊያየው አልቻለም።

ይሁን እንጂ ሌላ ወረቀት ነበር። ያኛው ወረቀት ጎዳው።

ባዶው ወረቀት

ከክለብ ጋር የሚጫወት ባለሙያ ተጫዋች ውል ይፈርማል። በውሉ ላይ ደመወዙ ስንት እንደ ሆነ፣ ለስንት ጊዜ እንደሚጫወት ይጻፋል። የጋሪንሻን የሕይወት ታሪክ የጻፉ ሰዎች እንደሚነግሩን፣ እሱ ውል የሚፈርመው ባዶ ወረቀት ላይ ነበር። ስሙን ከታች ይጽፋል። ከላይ ያለውን የገንዘብ መጠን ክለቡ በኋላ ይሞላዋል። ይህን ያደረገው አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም።

ልብ በሉ፤ ጋሪንሻ ስሙን መጻፍ የማይችል ሰው አልነበረም። ጥቂት ተምሯል። ስሙን ይጽፋል። የተጎዳውም በዚሁ ነው። ወረቀቱ ላይ ስም አለ፤ ስለዚህ ወረቀቱ የእሱ ነው። የተጻፈውን አላውቅም ቢል ማን ይሰማዋል?

ታዲያ ለምን ፈረመ? ሞኝ ስለ ነበረ ነውን? እኛ እንዲህ አንልም። በመጀመሪያ ነገር ኳስ ይወድ ነበር፤ የገንዘብ ወሬ አይወድም። ሁለተኛ፣ ሰው ያምን ነበር። ሦስተኛ፣ ከፋብሪካ ለመጣ ልጅ ትንሹም ገንዘብ ብዙ ይመስለዋል። አራተኛ፣ ከጎኑ ቁጭ ብሎ “ቆይ፣ ይህን ላንብልህ” የሚል ሰው አልነበረውም። በዚያ ዘመን ብራዚል ውስጥ እንዲህ ያለው ሰው ብዙ ነበር። በ1950 ከአገሩ አዋቂዎች ግማሽ ያህሉ ማንበብ አይችሉም ነበር። ማንበብ የማይችል ሰው በምርጫ ድምፅ መስጠት እንኳ አይፈቀድለትም ነበር። ይህ የተለወጠው በ1985 ነው።

ሌላም እውነት አለ፤ አንደብቀው። ጋሪንሻ ውሉን አንብቦ ቢፈርም ኖሮ ሁሉም ነገር ይቃናለት ነበር ማለት አይቻልም። በብራዚል “ፓሲ” የሚባል ሥርዓት ነበር። በዚህ ሥርዓት መሠረት ተጫዋቹ ውሉ ካለቀ በኋላም ክለቡ ካልለቀቀው ሌላ ክለብ መግባት አይችልም። የተማረውም ያልተማረውም በዚህ ይታሰር ነበር። ሥርዓቱን የሚያስቀር ሕግ በ1998 ወጣ፤ በ2001 ፓሲ ቀረ። ማንበብ ብቻውን መጥፎ ሕግን አይሽርም። ነገር ግን ሕጉ መጥፎ መሆኑን ለማወቅ መጀመሪያ ማንበብ ያስፈልጋል።

ጋሪንሻ በ1962 አገሩን ለሁለተኛ ጊዜ ለዓለም ዋንጫ አበቃ። ፔሌ በሁለተኛው ጨዋታ ተጎድቶ ወጥቶ ነበርና ሸክሙ በእሱ ላይ ወደቀ። በእንግሊዝ ላይ 2፣ በቺሊ ላይ 2 ግብ አገባ። ከዚያ በኋላ ጉልበቱ ታመመ። መጠጥም ጎዳው። በጥር ወር 1983 በ49 ዓመቱ ሞተ። ሲሞት ገንዘብ አልነበረውም። ሕዝቡ ግን ይወደው ነበር፤ “የሕዝብ ደስታ” ብሎም ሰየመው። ያን ሁሉ ድህነት ባዶው ወረቀት ብቻ አመጣው አንልም። መጠጡም፣ ሕመሙም፣ ገንዘብ አለመያዙም አለበት። ሆኖም ጉልበቱ ጤነኛ በነበረበት፣ ዋጋውን መጠየቅ በሚችልበት በዚያ በወጣትነቱ ዘመን፣ ዋጋውን የጻፈለት ሌላ ሰው ነበር።

ወደ እኛ ቤት ስንመጣ

አሁን “እኛ ኳስ ተጫዋቾች አይደለንም፤ ይህ ምናችን ነው?” የምትሉ ትኖራላችሁ። ስሙን።

በአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግ አለ። የወጣው በ1960 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር በ1952። ቁጥር 1728 ስለ ፊርማ ይናገራል። ዓይነ ስውር ወይም ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው በጽሑፍ ውል ላይ ቢፈርም ወይም ጣቱን ቢያትም፣ ውል አዋዋይ ወይም ሬጅስትራር ወይም ዳኛ በሥራው ላይ ሆኖ ካላረጋገጠው በስተቀር ፊርማው አያስገድደውም ይላል። ሕጉ ለማያነብ ሰው ጥላ ዘርግቶለታል ማለት ነው።

እናንተ ግን አሁን ከዚያ ጥላ ሥር እየወጣችሁ ነው። ስማችሁን ጽፋችኋል። ብዙዎቻችሁ ስማችሁን ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፋችሁ ዕለት በደስታ አጨብጭባችኋል፤ እኛም አብረን አጨብጭበናል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሰው ወረቀት ያቀርብላችኋል። “ኧረ አሁን እኮ ተምረሃል፤ ፈርም እንጂ!” ይላችኋል። ማንበብ የሚችል ሰው ከፈረመ በኋላ “አላነበብኩትም” ቢል ብዙ አይጠቅመውም።

ስም መጻፍ የትምህርቱ መጀመሪያ ነው። ስም የሚጽፍ፣ ነገር ግን አንድ ገጽ አንብቦ የማይጨርስ ሰው በመካከል ላይ ነው ያለው። ጣቱን ከሚያትመው ሰው ይልቅ እሱ ለአደጋ ቅርብ ነው። ስለዚህ ነው ስማችሁን ከጻፋችሁ በኋላ ከማታው ክፍል አትቅሩ የምንለው። አባቶቻችን “ከመጠምጠም መማር ይቅደም” ይላሉ። እኛ ደግሞ ከመፈረም ማንበብ ይቅደም እንላለን።

ወረቀት ሲቀርብላችሁ

የብድር ወረቀት፣ የኪራይ ውል፣ የቅጥር ውል፣ የእህል ደረሰኝ ሲቀርብላችሁ እነዚህን አድርጉ።

1. ማን ከማን ጋር እንደሚዋዋል ፈልጉ። ስማችሁ በትክክል መጻፉን እዩ።

2. ገንዘቡን ፈልጉ። በአኃዝ የተጻፈውና በፊደል የተጻፈው አንድ መሆኑን አስተያዩ።

3. ቀኑን ፈልጉ። ከመቼ እስከ መቼ ነው? ካልተፈጸመ ምን ይሆናል?

4. ባዶ ቦታ ካለ አትፈርሙ። መጀመሪያ ይሞላ፤ ወይም መስመር ይሰረዝበት።

5. ያልገባችሁ ቃል ካለ “ነገ እፈርማለሁ” በሉ። ወረቀቱን ለምታምኑት ሰው አስነብቡ። ቸኩሎ የሚያስፈርማችሁን ሰው ተጠራጠሩ።

6. የፈረማችሁበትን ወረቀት ቅጂ ተቀብላችሁ በቤታችሁ አስቀምጡ።

ወጣቶች ሆይ፣ ኳሱን ተጫወቱ። አብዶውንም ሥሩ። አንድ ቀን ከእናንተ አንዱን ትልቅ ክለብ ይጠራው ይሆናል። ያን ቀን ጫማ ይዛችሁ ሂዱ፤ ዓይናችሁንም ይዛችሁ ሂዱ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ተከላካዮች የጋሪንሻን አብዶ እያወቁ ለምን አልቻሉትም?

2. የወረቀት ፈተናው ስለ ጋሪንሻ የተናገረው ትክክል ነበርን? ለምን?

3. ጋሪንሻ ስሙን መጻፍ ይችል ነበር። ታዲያ ምን ጎደለው?

4. በቤታችሁ ካለ ወረቀት አንዱን ይዛችሁ ኑ። ከላይ በተጻፉት 6 ነጥቦች መሠረት በቡድን ሆናችሁ አንብቡት።

አዳዲስ ቃላት

ውል፦ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች የሚስማሙበት፣ በሕግ የሚጸና ስምምነት።

ተከላካይ፦ ተጋጣሚ ግብ እንዳያገባ የሚከለክል ተጫዋች።

ማሻማት፦ ኳስን ከመስመር በኩል ወደ ግቡ አፍ መላክ።

ሥነ ልቦና፦ ስለ ሰው አሳብና ጠባይ የሚያጠና ትምህርት።

ቅጂ፦ ከዋናው ወረቀት ጋር አንድ የሆነ ሁለተኛ ጽሑፍ።